አደይ አበባ በጥቁር ዳራ፦ ከሜዳ ሳይቀጠፍ በፍላሽ የማንሳት የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 4 — ዕቃ ማሰናዳት

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፦ አደይ አበባን ከበቀለበት ሳይቀጥፉ፣ ጀርባውን ድፍን ጥቁር አድርጎ ማንሳት። የሚፈለገው ለኅትመት የሚበቃ ሃያ ፎቶ ነው። ቦታው እንጦጦ፣ ወደ ምዕራብ የሚያየው ተዳፋት። ምዕራቡ የተመረጠው ፀሐይ ዘግይታ ስለምትደርስበት ነው። ምሥራቁን የሚያየው ጎን ገና በማለዳ ፀሐይ ይመታዋል፤ ይኼኛው እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ በጥላ ይቆያል። ያቺ የጥላ ጊዜ የሥራው ግማሽ ናት።

ተቀጥፎ ቤት መግባቱ ለምን አልተመረጠም? ማሰሮ ውስጥ የገባ አደይ ሜዳ ላይ የነበረውን አቋም አይዝም። አንገቱ ይዞራል፣ ጠዋት የተሸከመው ጤዛም መንገድ ላይ ይረግፋል።

ካሜራው ካኖን 700ዲ፣ ሌንሱ የካኖን 100 ሚሊሜትር ማክሮ (ትናንሽ ነገሮችን ከቅርብ የሚያነሳ) ነው። ፍላሹ ጎዶክስ ቲቲ600፣ ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከርቀት የሚያዘው ትሪገር ጎዶክስ ኤክስ2ቲ። ቲቲ600 በማንዋል ብቻ የሚሠራ ፍላሽ ነው፤ ኃይሉ ከ1/1 እስከ 1/128 ድረስ በእጅ ይስተካከላል። ለዚህ ሥራ ይህ ጉድለት አይደለም። ጥቁር ዳራ ፍሬሙን ሲሞላው አውቶማቲክ ፍላሽ «ጨለማ ነው» ብሎ ኃይል ይጨምርና ቢጫውን ያቃጥለዋል። ማንዋል ግን የታዘዘውን ይተኩሳል። አራት ቻርጅ የሚደረጉ ድርብ ኤ ባትሪዎች፣ ሌላ አራት መለዋወጫ።

ቀሪው ከመርካቶና ከጓዳ የሚገኝ ነው፦ 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ጥቁር ከፋይ፣ ለማነጻጸር ያህል ተመሳሳይ መጠን ያለው ጥቁር ፖሊስተር፣ ሁለት የቀርከሃ ዘንጎች፣ ስድስት የልብስ መቆንጠጫ፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ጥቁር ካርቶን፣ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ፣ ስኮች። ፍላሹን ለማለስለስ ፊቱ ተከፍቶ ነጭ ሻሽ የተወጠረበት የጫማ ካርቶን ተሠራ። ካርቶኑ ኋላ ላይ ተጣለ፤ ምክንያቱ መስከረም 14 ላይ አለ።

መስከረም 6 — መጀመሪያ ፍላሹ ይጥፋ

የዕለቱ ሥራ ፍላሹን ሳያበሩ ጥቁር ፎቶ ማንሳት ነው። ብዙ ሰው ከፍላሹ ይጀምርና ዳራው ለምን ግራጫ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ፍላሽ ብርሃን ይጨምራል እንጂ ጨለማ አያመጣም። ጨለማው አስቀድሞ ካሜራው ውስጥ መኖር አለበት።

ካሜራው በማንዋል፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) ኤፍ/11። 1/200 የዚህ ካሜራ የፍላሽ ጣሪያ ነው። ከዚያ ከፈጠነ የሹተሩ ሁለት መጋረጃዎች ባንድ ጊዜ ተከፍተው አይገኙም፣ የፍሬሙ አንድ ጎን በጥቁር መስመር ይቆረጣል። ኤክስ2ቲ ከካሜራው ጋር ስለሚነጋገር ካሜራው ራሱ ከ1/200 አያልፍም። መሃል ነጥቧ ብቻ የምትነካ ርካሽ ትሪገር የሰካ ግን ካሜራው ስለማይከለክለው ራሱ ይጠንቀቅ።

1 ሰዓት ላይ በጥላው ውስጥ ካሜራው በራሱ የለካው ኤፍ/5.6፣ 1/60፣ አይኤስኦ 100 ነበር። ከዚያ ወደ ኤፍ/11 እና 1/200 ሲኬድ ልዩነቱ ከ3 ስቶፕ ተኩል ይበልጣል። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው፤ እንግዲህ ካሜራው የሚያየው የሜዳው ብርሃን ከአስራ ሦስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የሣሩ ጥላ እንደ ጭስ ይታያል። በኤፍ/16 ሌላ አንድ ስቶፕ ወርዶ ከሰማዩ ጠርዝ በቀር ምንም አይታይም።

2 ሰዓት ላይ ያው ቦታ፣ ያው ጥላ፦ ሰማዩ ስለነቃ መለኪያው ኤፍ/5.6 እና 1/125 ይላል። አንድ ስቶፕ ጨለማ ጠፋ ማለት ነው። 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲመታው በኤፍ/11 እና በ1/200 የተነሳው ፎቶ ያለ ፍላሽ በትክክል የተነሳ መስሎ ወጣ። ሙሉ ፀሐይ ላይ ጥቁር ዳራ ለማግኘት ከዚህ ፍላሽ ጋር መታገል ድካም ብቻ ነው።

ኤፍ/22 ቢደረግስ? ይጨልማል። ነገር ግን በዚህ ሴንሰር (የካሜራው ብርሃን መቀበያ) መጠን ከኤፍ/16 በኋላ ብርሃን በጠባቡ ቀዳዳ ጠርዝ ስለሚበተን የአበባው ቅጠል ሥሮች (ቀጫጭን መስመሮቹ) እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ኤፍ/11 መነሻ፣ ኤፍ/16 ድንበር ተባለ።

ስለ ኤንዲ ፊልተር፦ ፀሐይን ለማጨለም ሌንሱ ፊት ጥቁር መስታወት ማድረግ ብልሃት ይመስላል። ፊልተሩ ግን ፀሐይንም ፍላሽንም እኩል ይቀንሳል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ንቅንቅ አይልም። አይኤስኦና አፐርቸርም እንዲሁ ሁለቱን አብረው ነው የሚያወጡና የሚያወርዱት። ፀሐይን ብቻ የሚነካው ሹተሩ ነው፣ እሱም 1/200 ላይ ቆሟል። የቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ፍላሹን ማጠንከር፣ ፍላሹን ማቅረብ፣ የቀኑን ብርሃን መከለል።

መስከረም 8 — ፍላሹ በራ፣ ጨርቁ አሳፈረ

አበባው ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ጥቂት ትርፍ ቦታ ተትቶለት ፍሬሙን ሲሞላ ሌንሱ ከአበባው በ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል። ፍላሹ ከግራ፣ ከአበባው ትንሽ ከፍ ብሎ በ40 ሴንቲ ሜትር። በሻሹ ውስጥ አልፎ ኤፍ/11 የሚሰጠው ኃይል 1/16 ሆነ። ሻሹ ለብቻው ወደ 2 ስቶፕ ይበላል።

መጀመሪያ የተሰቀለው ፖሊስተሩ ነበር፣ ከአበባው ኋላ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ። ውጤቱ ግራጫ ነው፤ የጨርቁ እጥፋት ሁሉ ይቆጠራል፣ ላዩም እንደ ፌስታል ያብረቀርቃል። ለምን? ፍላሹ ከአበባው 40፣ ከጨርቁ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን አራት እጅ ይቀንሳል፣ ይኸውም 2 ስቶፕ ብቻ። ተራ ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ከመካከለኛ ግራጫ ወደ 2 ስቶፕ ያህል ቢጨልም ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 4 ስቶፕ፤ ዓይን ግን እዚያ ላይ ገና እጥፋት ያያል።

ከፋዩ ሲሰቀል ወዲያው ተሻለ። የከፋይ ፀጉር ብርሃኑን በመካከሉ ውጦ ያስቀረዋል፣ ፖሊስተር በላዩ ያንሸራትተዋል። ግን ከፋዩም ቢሆን እንደ ፀጉሩ አተኛኘት ሊነጣ ይችላል። ጨርቁን ገልብጦ ሁለቱንም አቅጣጫ መሞከርና የጠቆረውን መምረጥ ይበቃል።

ከዚያ ፖሊስተሩ ተመልሶ ተሰቀለ፣ አሁን ግን 1 ሜትር ከ20 ወደ ኋላ ርቆ። ፍላሹ ከጨርቁ 1 ሜትር ከ60 ሆነ፣ ከአበባው አራት እጥፍ ርቀት። 4 ስቶፕ በርቀት፣ 2 በጨርቁ ቀለም፣ ድምሩ 6። ድፍን ጥቁር። ያ የተናቀ ፖሊስተር አጠገብ ከተሰቀለው ከፋይ እኩል ሆነ። ገንዘብ ለከፋይ ከማውጣት በፊት ጨርቁን አንድ ሜትር ወደ ኋላ መግፋት ይቀድማል።

ሰው የሚፈራው ጨርቁ ሲርቅ ፍሬሙን አይሸፍንም ብሎ ነው። በ100 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በዚህ ካሜራ፣ ከሌንሱ 1 ሜትር ከ80 ላይ ፍሬሙ የሚያየው 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነው። አንድ ሜትር ጨርቅ ተርፎታል። በ50 ሚሊሜትር 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከካሜራው ጋር በሚመጣው ሌንስ 18 ሚሊሜትር ላይ ግን 2 ሜትር ከ20 ይደርሳል፤ ያኔ ጨርቁ አልጋ ልብስ ያህል መሆን አለበት።

መስከረም 9 — ያለ ጨርቅ

ከተዳፋቱ ወጣ ብሎ የጥድ ረድፍ አለ፣ ሥሩ ሙሉ ጥላ። አበባው ከፊት፣ ጥዱ 3 ሜትር ከኋላ። ፍላሹ ከአበባው 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከጥዱ ከስምንት እጥፍ በላይ ይርቃል፤ ከ6 ስቶፕ ይበልጣል። ጨርቁ ወረደ፣ ጥቁሩ አልተነካም። ከዚህ በኋላ ጨርቁ ከቦርሳ የሚወጣው ጀርባው ቅርብ ሲሆን ወይም ፀሐይ ያረፈበት ሲሆን ብቻ ነው።

በጨርቅ የተነሳው ከስቱዲዮ የመጣ ይመስላል፤ እዚህ ግን ከጥቁሩ ውስጥ አንዳንድ የሣር ጫፍ በጭንቅ ይታያል፣ አበባው የሆነ ቦታ የቆመ መሆኑ ይታወቃል። ከሃያው አስራ ሦስቱ በዚህ መንገድ የወጡ ናቸው።

ፍላሹን ማቅረብም ተሞከረ። ከ40 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ሲቀርብ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ኃይሉ ከ1/16 ወደ 1/64 ይወርዳል፣ ባትሪው ይቆጠባል፣ ዳራውም ይበልጥ ይጨልማል። ዋጋው አበባው ላይ ይከፈላል። ወደ ፍላሹ ያለው ቅጠል 17 ሴንቲ ሜትር፣ ማዶ ያለው 23 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ በመካከላቸው አንድ ስቶፕ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት አለ። ግራው ነጣ፣ ቀኙ ቡናማ ሆነ። በ40 ሴንቲ ሜትር ግን ልዩነቱ ከግማሽ ስቶፕ ያንሳል። 30 ሴንቲ ሜትርና 1/32 ላይ ተረጋጋ።

መስከረም 11 — ቢጫ ያታልላል

እስከ ዛሬ የተነሱት በትልቅ ስክሪን ሲታዩ ግማሾቹ ተጣሉ። ቅርጹ አለ፣ ቅጠሉ ግን በቢጫ ቀለም የተቀባ ወረቀት መስሏል፤ ከመሃል ወደ ጫፍ የሚሄዱት ቀጫጭን ሥሮች የሉም።

ካሜራው ጀርባ ላይ ያለው ነጭ ሂስቶግራም (የብርሃን መጠን ግራፍ) የሚያሳየው የሦስቱን ቀለሞች አማካይ ነው። ቢጫ ማለት ቀይና አረንጓዴ ሞልተው ሰማያዊ ባዶ ማለት ስለሆነ፣ ሰማያዊው አማካዩን ይጎትተውና ሁሉም ሰላም ይመስላል። ቀዩ ግን ከግራፉ ቀኝ ግድግዳ ተጋጭቷል፣ ማለትም ተቃጥሏል። መፍትሔው በካሜራው ምናሌ ውስጥ ሂስቶግራሙን ወደ ሦስት ቀለም መቀየርና ቀዩን ብቻ ማየት ነው። ከቀኙ ግድግዳ ትንሽ ፈቀቅ እስኪል ድረስ ኃይሉ ይቀነሳል። እዚህ 2/3 ስቶፕ አስፈለገ። ስክሪኑ ላይ አበባው የጨለመ ይመስላል፣ ራው ፋይሉ (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ውስጥ ግን ሁሉም አለ። በጄፔግ የሚያነሳ ሰው አንዴ ከተቃጠለ መመለሻ የለውም።

ሁለተኛው ጥፋት የፍላሹ አቅጣጫ ነበር። ከፊት የመጣ ብርሃን ሥሮቹን ያስተኛቸዋል። ፍላሹ ወደ ጎን፣ ከአበባው ገጽ ጋር ሊስተካከል ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ሲዞር እያንዳንዱ ሥር የራሱን ጥላ ጣለ። ጥላው የጎላበትን ጎን የብስኩት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት የተለጠፈበት የመዳፍ ያህል ካርቶን ይመልሰዋል። ከዚያ የሚበልጥ ካርቶን ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ መዳፍ ይበቃል።

ፎከስ የት ይሁን? አደይ አንድ አበባ ይምሰል እንጂ እቅፍ ነው። መሃሉ ላይ የተጠቀጠቁት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ጥቃቅን አበቦች ናቸው፣ ከዳር ወደ መሃል በተራ የሚፈኩ። ፎከሱ ከፊት በኩል ባለው የመሃሉ ጠርዝ ላይ ይደረጋል። በዚህ ርቀት በኤፍ/11 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በኤፍ/16 18። ካሜራው ከአበባው ፊት ጋር ትይዩ ከሆነ 12 ይበቃል። ከጎን ዘንበል ተብሎ ከታየ ግን የኋላው ቅጠል ይደበዝዛል፣ ያኔ ኤፍ/16 ተደርጎ የፍላሹ ኃይል በአንድ ስቶፕ ይጨመራል።

መስከረም 13 — ነፋስ

የአደይ አገዳ ክር ነው፤ ሰው ሲተነፍስበት እንኳ ይወዛወዛል። ፍላሽ እንቅስቃሴን ያቆማል፣ በዝቅተኛ ኃይል ሲተኩስ የብርሃኑ ዕድሜ ከሹተሩ እጅግ ያጥራልና። ይህ ግን የሚሠራው የቀኑ ብርሃን ከጨለመ ብቻ ነው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጥላው ሲሳሳ፣ በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ እንደ መንፈስ ያለ ደብዛዛ ሁለተኛ ጠርዝ መታየት ጀመረ። ፍላሹ አንዱን ቅጽበት ቀርጿል፣ የቀኑ ብርሃን ደግሞ 1/200 ሙሉ ሲቀርጽ ቆይቷል። ጥርት አላለም ተብሎ ፎከስ ከመውቀስ በፊት ፍላሹን አጥፍቶ አንድ ፎቶ ማንሳት ነው፤ አበባው ከታየ ጥፋተኛው የቀኑ ብርሃን ነው።

ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለውን፣ ከ1/200 በፈጠነ ሹተር ፍላሽ የሚያስተኩሰውን፣ ማብራት መፍትሔ የሚመስለው አለ። በዚያ ዘዴ ፍላሹ አንዱን ብልጭታ ቆራርጦ በሹተሩ ጉዞ ሁሉ ይዘረጋዋል፤ ኃይሉ ይወርዳል፣ የማቆም ችሎታውም ይጠፋል። አፐርቸር ከፍቶ ስስ ጥልቀት ለሚፈልግ ይሆናል፣ እዚህ ቦታ የለውም።

አገዳው መያዝ ነበረበት። ሽቦው አንድ ጫፉ ቀጥ ብሎ 20 ሴንቲ ሜትር መሬት ይገባል፣ ሌላው ጫፍ መቆንጠጫው ሞላ ውስጥ ተጠምዝዞ ይታሰራል። በመቆንጠጫው ሁለት ከንፈሮች ላይ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በስኮች ይለጠፋል፤ ያለ ስፖንጅ አገዳው ይቆረጣል፣ ሁለት ተቆርጠዋል። የሚያዘው ከአበባው 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ ከፍሬሙ ውጭ ነው። ውዝዋዜው ሙሉ በሙሉ ባይቆምም ከ12 ሚሊሜትሩ ጥልቀት አይወጣም። ጃንጥላው ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ተከፍቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ቀሪውን ይከላል።

መስከረም 14 — ጤዛና የጫማ ካርቶን

ጤዛ ያለበት የመጀመሪያው ጥሩ ጠዋት። ቅጠሉ ላይ ሰባት ጠብታ፣ በእያንዳንዷ ውስጥ አንድ አራት ማዕዘን ነጭ ነጥብ፦ የጫማው ካርቶን መልክ። ጠብታ መስታወት ነው፣ ብርሃኑ የመጣበትን ቅርጽ እንዳለ ያሳያል። ሰው ጠብታ ውስጥ ክብ ማየት ለምዷል፣ አራት ማዕዘኑ ወዲያው «ፍላሽ» ብሎ ይጮኻል።

የዱቄት ወንፊት መጣ። የሽቦ መረቡ ወጥቶ ነጭ ሻሽ ሁለት ድርብ ተወጠረበት፣ ስፋቱ 35 ሴንቲ ሜትር። ፍላሹ ከኋላው 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ከዚያ ቢቀርብ ብርሃኑ መሃሉን ብቻ ይመታና ወንፊቱ ትርጉም ያጣል፣ ከዚያ ቢርቅ ዳር ዳሩን አልፎ ዳራው ላይ ይደፋል። ለዚህ በዳራው በኩል አንድ ጥቁር ካርቶን እንደ በር ታሰረለት። ኃይሉ ተመልሶ 1/16 ሆነ። ጠብታዎቹ አሁን ክብ ነጥብ ይዘዋል፣ የቅጠሉም ብርሃን ለስልሷል። ነጠላ አራት እጥፍ ተደርጎ ሲሞከርም ያው ነው፣ ጥለቱን ወደ ውጭ ማውጣት ብቻ አይረሳ፤ አለበለዚያ የጥለቱ ቀለም ብርሃኑን ያቀልመዋል።

በዚህ ከፍታ የማለዳው ብርድ ሌላ ጣጣ አለው። ከብርዱ ወደ ሞቀ መኪና የገባ ሌንስ ጭጋግ ይለብሳል። ካሜራው በተዘጋ ቦርሳው እንዳለ 20 ደቂቃ ይቆይ፣ ማበሻ ጨርቅ አይፈታውም።

ከደመራ በፊት ለሥራው የሚመች የመንገድ ዳር አደይ ለችቦ ይለቀማል። ከመስከረም 16 በፊት መጋመስ ይሻላል።

መስከረም 15 — እኩለ ቀን በጃንጥላ

በዚህ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በ6 ሰዓት ከአናት በላይ ናት፣ ከቀጥታው የምታዘነብለው 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የጃንጥላ ጥላ ልክ ከሥሩ ይወድቃል፣ አበባውን መከለል ቀላል ነው። ተከለለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ዳራው አሁንም የሚያበራ አረንጓዴ ነው። ጃንጥላው ያጠላው አበባውን እንጂ ከኋላ ያለውን ሣር አይደለም። የዚህ ዓይነት ፎቶ ከፀሐይ በታች ሲከሽፍ ዘጠኝ ጊዜ ከአስሩ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ አበባው ላይ ተተኩሮ ጀርባው ይረሳል።

እዚህ ላይ ከፋዩ ዋጋውን አገኘ። ፀሐይ ያረፈበት ፖሊስተር ርቆም ቢሆን ግራጫ ነው፤ ርቀት ከፍላሽ ያድናል፣ ከፀሐይ አያድንም። ከፋዩ በሁለቱ ቀርከሃዎች መካከል ተወጥሮ ከላይ ወደ አበባው እንዲያዘነብል ሲደረግ ፊቱ የራሱ ጥላ ውስጥ ገባ። አንድ ሰው ጃንጥላ፣ አንድ ሰው ካሜራ። ይቻላል፣ ግን በማለዳው ጥላ 5 ደቂቃ የሚወስደው እዚህ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሁለት ፎቶ ወጥቶለት ቀረ።

መስከረም 20 — ከኋላ የሚመጣ ብርሃን

እስካሁን ያልተፈታው አገዳውና ከአበባው በታች ያለው አረንጓዴ ነው፤ ጠቆር ያለ ስለሆነ ከዳራው ጋር ይዋሃድና አበባው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሁለተኛ ቲቲ600 ከአበባው በስተኋላ በቀኝ፣ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ኃይሉ 1/64። ፊቱ ላይ ከጥቁር ካርቶን የተጠቀለለ 20 ሴንቲ ሜትር ቱቦ፣ አፉ 4 ሴንቲ ሜትር። ያለ ቱቦ ብርሃኑ ቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ይገባና ጥቁሩን ሁሉ ወደ ወተት ይለውጠዋል። ቱቦ ተደርጎም የሌንሱ ጥላ መከላከያ መኖሩን፣ ከሌንሱ ፊት ቆሞ ቱቦው ውስጥ የፍላሹ ፊት አለመታየቱን ማረጋገጥ ነው። ከታየ በመካከሉ ካርቶን ይቁም።

በአገዳው ጠርዝ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን የብርሃን መስመር መጣ፣ ያልታዩ ጥቃቅን ፀጉሮችም ተገለጡ። ቅጠሎቹም ከኋላ ሲበራባቸው ከውስጥ እንደ ፋኖስ በሩ። 1/32 ሲደረግ መስመሩ ወፈረና የማስታወቂያ ፎቶ መሰለ፤ 1/64 ላይ ቆመ።

መስከረም 24 — ጎረቤቶቹ

ማገጥ፦ መሬት ላይ ስለተኛ ጀርባው 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለ ሣር ነው፣ የርቀት ብልሃት አይሠራም። የፖስታ ያህል ጥቁር ካርቶን ከኋላው መሬት ላይ ተተክሎ፣ ፍላሹ ከላይ ቀጥታ ወደ ታች፣ ካርቶኑን እየዘለለ። ራስ ክምር፦ ብርቱካንማ ድብልብሉ ከፊት እስከ ኋላ ብዙ ሴንቲ ሜትር ስለሚወፍር ኤፍ/16 እንኳ አይበቃም፤ ከፊት ያሉት ጠርተው የኋላዎቹ ወደ ጥቁሩ ቢሰምጡ ይሻላል። በግቢ የተተከለ ነጭ ካላ ሊሊም ተሞከረ፤ የሳይንሱ ስም ኤቲዮፒካ ቢለውም አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። ከአደይ 1 ስቶፕ ተኩል ያነሰ ኃይል ወሰደ፤ ነጭ ብዙ ብርሃን ይመልሳል።

ጥቅምት 3 — ኮምፒውተር ላይ

ጥቁሩ እውነት ጥቁር መሆኑን ለማየት ኤክስፖዠሩ (የፎቶው ብርሃን መጠን) ለጊዜው 4 ስቶፕ ከፍ ይደረግ። የተደበቀው ሁሉ ይወጣል፦ የጨርቅ እጥፋት፣ የቀርከሃ ጫፍ፣ የጓደኛ ጫማ። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ የጥቁሩ መጠን ብቻ በጥቂቱ ይወርዳል። ጠቅላላውን ኮንትራስት መጨመር አይመከርም፣ የቢጫውን ሥሮች አብሮ ይበላል። የቀለም ሙቀቱ ለሁሉም 5500 ኬልቪን ላይ ተቆልፏል። ስልክ ላይ ድፍን ጥቁር የነበረው በወረቀት ሲታተም ሦስቱ ላይ የጨርቁ እጥፋት ተመልሶ ታየ፣ ሦስቱም ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። በጥዱ ጥላ በተነሱ ተተኩ።

በከፋዩ የተነሱት ላይ ከዋክብት የሚመስሉ ቢጫ ነጥቦች ተበትነዋል። የፎቶ ጉድለት አይደለም፣ ብናኝ ነው፤ ከአበባው ወደ ጨርቁ የረገፈ። ከእያንዳንዱ ማንሳት በፊት ከፋዩ በስኮች ይጠረጋል፣ ሲጠቀለልም ፀጉራሙ ጎን ወደ ውስጥ ነው።